የሟች ቤተሰብ ካሳ የሚጠይቅበት የይርጋ ጊዜ ሊራዘም ይገባል?

የደጀኑ፦

ትናንት እህቴ ጥቁር ፌስታል ይዛ ቤቴ መጣች። በፌስታሉ ውስጥ የባሏ መታወቂያ፣ የትራፊክ ፖሊስ ያነሳው የአደጋ ፕላን፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የሁለት ልጆቿ የክርስትና ካርድና ክሷ በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለክስ የሰጠው ጊዜ በማለፉ፣ ታግዷል የሚለው የፍርድ ቤት ብይን ነበሩ። ብይኑ ሁለት ገጽ ተኩል ነው። ከዚያ ውስጥ ስለ ሟቹ የሚናገረው አንድ መስመር ሲሆን የቀረው በሙሉ የቀን ቆጠራ ነው።

ባሏ ሚያዝያ 27 ቀን 2014 ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ ዳር አህያውን እየነዳ ሲሄድ፣ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ፍሬን እምቢ ብሎት መትቶት ሞተ። መኪናው ገደል ስለገባ ሾፌሩም እዚያው አረፈ። የመኪናው ባለንብረት በአርባው ቀን ከሽማግሌዎች ጋር መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለተዝካሩም አንድ ኩንታል ጤፍና ጥቂት ገንዘብ ሰጠ። ስለ ካሳው ግን «ሙት ዓመቱ ይውጣና እንነጋገራለን» ተባለ። ሙት ዓመቱ ከወጣ በኋላ ንግግሩ ተጀመረ፤ ነገር ግን ነሐሴ 2015 ላይ ሁኔታው ተበላሸና መንገዱም ተዘጋ፣ በወረዳችንም ለወራት ዳኛ ፊት መቅረብ የማይታሰብ ሆነ። ነገሩ ረገብ ሲል ባለንብረቱ ስልክ ማንሳት አቆመ። እህቴ ክስ የመሠረተችው ሰኔ 3 ቀን 2016 ነው፤ ሕጉ ከሚሰጠው ሁለት ዓመት ያለፈው 36 ቀን መሆኑ ነው። ብይኑ የተሰጠው ዘንድሮ ጥር 12 ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ለእህቴ የቀረ መንገድ አለ ወይ? ከእሷም አልፎ፣ ሐዘን ላይ ለተቀመጠና በሽማግሌ ለተያዘ ቤተሰብ ይህ ሁለት ዓመት የሚራዘምበት ሕግ ሊኖር አይገባም ወይ?

ጠበቃ ከፍኖተ ሰላም፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። መንገዱ አልተዘጋም፤ ስለዚህ ከሁለተኛው ጥያቄህ በፊት የመጀመሪያውን ላንሳ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ንዑስ አንቀጽ 1 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል፤ ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ጠበቃም ጭምር፣ እዚያው ላይ ማንበቡን ያቆማል። ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ጉዳቱ ከወንጀል ድርጊት የመነጨ ከሆነና የወንጀል ሕጉ ለዚያ ወንጀል ከዚህ የረዘመ ይርጋ ከወሰነ፣ ለካሳ ክሱም የሚሠራው ያ የረዘመው ጊዜ ነው ይላል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል አድርጎታል፤ በአንቀጽ 217 ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ይርጋው አምስት ዓመት ነው። ቸልተኝነቱ ከባድ ሆኖ ወደ ንዑስ አንቀጽ 3 ከገባ፣ ለምሳሌ ሁለት ሰው ወይም ከዚያ በላይ ከሞተ፣ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ስለሚሆን ይርጋው ወደ ሃያ ዓመት ይዘልቃል። እህትህ ክስ ያቀረበችው በሁለት ዓመት ከ36 ቀን ከሆነ፣ በአምስት ዓመት ስሌት ገና ግማሹ እንኳ አልሞላም።

ብይኑ ይህን ንዑስ አንቀጽ ያለፈበትን ምክንያት ለማወቅ እፈልጋለሁ። ግልባጩን አንብበህ ጻፍልን።

የደጀኑ፦

ብይኑ አልዘለለውም። ቃል በቃል ባልገለብጠውም እንዲህ ይላል፦ ወንጀል ፈጽሟል ሊባል የሚችለው ሾፌሩ ነው፣ ሾፌሩ ስለሞተ የወንጀል ክስ አልተመሠረተም፣ ተከሳሹ ባለንብረት ኃላፊ የሚሆነው ጥፋት ሳይኖርበት በንብረቱ ምክንያት ብቻ ስለሆነ የወንጀሉ ይርጋ እሱን አይመለከትም።

ጠበቃ ከፍኖተ ሰላም፦

እንግዲያው የይግባኝ ነጥብህ ይኸው ነው። ባለንብረቱ በአንቀጽ 2081 መሠረት ያለ ጥፋት ኃላፊ መሆኑ ትክክል ነው። ነገር ግን አንቀጽ 2143 ንዑስ አንቀጽ 2 የሚናገረው ስለ ተከሳሹ ሳይሆን ስለ ጉዳቱ ነው፤ ጉዳቱ ከወንጀል ከመነጨ ይበቃል፣ የሚከፍለው ሰው ራሱ ወንጀለኛ መሆን አለበት የሚል ቃል የለበትም። ሾፌሩ መሞቱ ክሱን ያስቀራል እንጂ ድርጊቱን አያጠፋውም። አንቀጽ 2149ም የካሳ ዳኛው ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሲወስን የወንጀል ችሎቱ ነጻ በማለቱ አይታሰርም ስለሚል፣ በወንጀል በኩል ፍርድ አለመኖሩ ብቻውን በር ሊዘጋ አይገባም። ሌላም ነገር አለ። ፍሬኑ እምቢ ያለው ለምንድን ነው? መኪናው የዓመቱን የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ ለጥፎ ነበር ወይ? ባለንብረቱ ያልተጠገነ መኪና ዓባይ በረሃ እንዲወርድ አድርጎ ከሆነ ቸልተኝነቱ የራሱም ጭምር ነው።

ቀኑንም ልብ በል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 323 መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነው።

የቡሬው ባለመኪና፦

በቅድሚያ ለሟች ቤተሰብ መጽናናትን እመኛለሁ። እኔ የምጽፈው ከወዲያኛው ወገን ስለሆነ እንዳትቀየሙኝ እለምናለሁ።

አንድ ሚኒባስ አለኝ። ከስድስት ዓመት በፊት የእኔ ሾፌር አንዲት እናት ገጭቶ ገድሏል። በሽምግልና ተቀምጠን፣ ቄስ መስቀል ይዘው በተገኙበት፣ ያለኝን ሰጥቼ ታርቀናል። ከታረቅን በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ አልፎ አንደኛው ልጇ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኔ አልታረቅኩም፣ ድርሻዬንም አልወሰድኩም ብሎ ሊከሰኝ ተነሣ። በዚያን ጊዜ ረዳቴ ወደ መተማ ሄዶ ጠፍቷል፣ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ አርፈዋል፣ ገንዘቡን የቆጠርንበት ወረቀት ላይም ቀን አልተጻፈበትም። ይርጋ ባይኖር ምን ይዤ እከራከር ነበር? ሁለት ዓመት አጭር ነው የሚለውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ጊዜው ተከፍቶ ከተተወ የሚጎዳው ሀብታሙ የትራንስፖርት ድርጅት ሳይሆን እንደ እኔ ያለ አንድ መኪና ያለው ሰው ነው።

ደግሞም የሦስተኛ ወገን መድን አለ። በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለሞት ከ5,000 ብር ያላነሰ ከ40,000 ብር ያልበለጠ ወስኖ ነበር። መድኑ ሲከፈል ነገሩ አለቀ ብለን ነው የምንተኛው።

የሞጣዋ፦

ወንድም ባለመኪና፣ 40,000 ብር ተከፍሎ ነገሩ አለቀ የሚባልበት ቤት ውስጥ ማን እንደሚቀር አስበው። በአንቀጽ 2095 መሠረት ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች በየራሳቸው ስም የሚጠይቁት ካሳ በቀለብ መልክ የሚሰላ እንጂ የአንድ ቀን ገንዘብ አይደለም፤ ከመድኑ በላይ ያለውም ከባለንብረቱ ይጠየቃል። ለሐዘኑ የሚከፈለውን የኅሊና ካሳ ተዉት፤ አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖ በ1952 እንደተጻፈ ነው የቀረው። ዛሬ ለተዝካር ጠላ የጌሾውን እንኳ አይሸፍንም።

እኔ የመጣሁት ግን ስለ መኪና ልናገር አይደለም። ጠበቃው ያነሱት የወንጀል ይርጋ የሚያድነው በመንገድ ላይ የሞተውን ነው። ወንድሜ የሞተው በወፍጮ ቤት ነው። የሞተሩ ቀበቶ ነጠላውን ይዞ ሳበው። ክዳን አልነበረውም፤ እኔ ራሴ በማግስቱ ሄጄ አይቻለሁ፣ ቀበቶው ላይ የነጠላው ጥለት ተጠምጥሞ ነበር። ፖሊስ መጣ፣ አደጋ ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋ፤ የወንጀል ወሬ ስላልተነሣ ማንም ስለ ረዘመው ይርጋ አልነገረንም። ይባስ ብሎ ወንድሜ በወፍጮ ቤቱ ደሞዝተኛ ነበርና ጉዳዩ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚታይ ነው ተባልን፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር ይርጋው አንድ ዓመት ብቻ ነው። እናቴ ያን ዓመት ከሐዘን ፍራሽ አልተነሣችም። እኔ ደግሞ እህት ነኝ፤ እህትና ወንድም በአንቀጽ 2095 አልተጠቀሱምና ልክሰስ ብል እንኳ በራሴ ስም የምጠይቀው አልነበረኝም። ስድስት ወር የፈጀነው የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ስንመላለስ ነው። ኋላ እንደተረዳሁት ካሳው የሟች ውርስ ሳይሆን የእናቴ የራሷ መብት ስለነበር ያስፈልጋት የነበረው እናትነቷን ማስረዳት ብቻ ነበር።

ጠበቃ ከፍኖተ ሰላም፦

እህቴ ያነሳሽው የወራሽነት ማስረጃ ነገር በየቀኑ የምናየው ነው። ሰዎች ለባንክ ሂሳቡ የሚጠየቁትን ወረቀት ለካሳውም ይጠብቃሉ፤ እስኪያገኙት ጊዜው ይሄዳል።

ስለ አሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለክርክራችን ጠቃሚ ነው። ያ ሕግ ይርጋውን ቢያሳጥረውም በር ትቶለታል። መዘግየቱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ከተረዳ ክርክሩን የሚያየው አካል ጊዜው ያለፈበትን ክስ ሊቀበል ይችላል፤ ከሳሹ ግን ምክንያቱ በተወገደ በአሥር ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። በይግባኝም እንዲሁ ነው፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 326 በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ እንዲያስፈቅድ ተፈቅዶለታል። ሕጋችን «በቂ ምክንያት» የሚለውን ቃል የማያውቅ አይደለም ማለት ነው። አንቀጽ 2143 ላይ ግን የለም።

የቢቸናው ሽማግሌ፦

ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ፊደሉ ከተሳሳተ በእሱ ፍረዱ።

ልጄ የደጀኑ «ሙት ዓመቱ ይውጣ» ያሉትን ሽማግሌዎች ስትወቅስ አነበብኩ። አልተሳሳትክም፤ እኔም እንዲህ ብዬ አውቃለሁ። የምንለው ግን ቤተሰቡን ለማዘናጋት አይደለም። ደም ትኩስ ሳለ ስለ ገንዘብ ማውራት በእኛ አገር ሬሳ እንደ መሸጥ ይቆጠራል። ወንድም ካለ ሽጉጥ ያነሣል። መጀመሪያ አርባው ይወጣል፣ ከዚያ ሰማንያው፣ ከዚያ ሙት ዓመቱ፤ ደሙ ሲደርቅ ነው ካሳ የሚቆረጠው። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ሌላ ሰው እንዳይሞት ነው። ሕጉ ሁለት ዓመት ሲል አንዱን ዓመት ለሐዘን እንደምንሰጠው አላወቀም፤ እኛም በበኩላችን ሕጉ እንደሚቆጥር አላወቅንም።

የቡሬው ወንድማችን ስለ ወረቀቱ የተናገረው ልቤን ነክቶታል። እኛ ስንዳኝ ቀን አንጽፍም፤ «ባለፈው ጥምቀት» እንላለን።

የሕግ መምህሩ፦

አባታችን የተናገሩት የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ በዚያ ላይ ልቀጥል።

ይርጋ የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች በአንቀጽ 1851 ተወስነዋል፦ ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ በተለይ ከፊሉን ከከፈለ ወይም ዋስትና ከሰጠ፤ ወይም ባለገንዘቡ ፍርድ ቤት ክስ ካቀረበ። እነዚህ ድንጋጌዎች በውል ክፍል ቢጻፉም አንቀጽ 1677 ከውል ላልመነጩ ግዴታዎችም እንዲሠሩ ያደርጋል። በሽማግሌ ፊት መቀመጥ ብቻውን ከምክንያቶቹ አንዱ አይደለም። ስለዚህ ሽምግልናው በሚካሄድበት ጊዜ ሁሉ ሰዓቱ ይሮጣል፤ የሚሮጠውም ለታገሠው ቤተሰብ ሳይሆን ለሚያዘገየው ወገን ነው። አንቀጽ 1853 ባለገንዘቡ በሥጋ ዝምድና፣ በጋብቻ ወይም በበታችነት ምክንያት ሳይጠይቅ ቢቀር ዳኛው የይርጋ መቃወሚያውን እንዳይቀበል ይፈቅድለታል፤ የገጨው አማቹ ለሆነ ሰው ይጠቅመው ይሆናል፣ ሽማግሌ አክብሮ ለጠበቀ ባዕድ ግን ቃሉ አይደርስለትም።

የደጀኑን ጉዳይ በዚህ ዓይን ልመልከተው። ባለንብረቱ በአርባው ቀን የሰጠው ጤፍና ገንዘብ ምን ተብሎ ነው የተሰጠው? ለተዝካር እርዳታ ከሆነ ስጦታ ነው። ከካሳው ላይ የሚታሰብ ከነበረ ግን ዕዳን ማመን ሊሆን ይችላል፤ በአንቀጽ 1852 መሠረትም ይርጋው ከተቋረጠበት ጊዜ አንሥቶ እንደ አዲስ ይቆጠራል። እዚያ የነበረ ሰው ምን እንደሰማ ጠይቁ።

ሕጉ ይሻሻል ለሚለው ደግሞ፣ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው አዲስ አበባን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 6 የተወካዮች ምክር ቤት የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያወጣው አንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ለመፍጠር አስፈላጊ መሆኑን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲወስን መሆኑን ይደነግጋል። የአማራ ክልል በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አውጥቷል። የሟች ቤተሰብ የካሳ ይርጋ ለክልል ምክር ቤት ሊቀርብ የሚችል ጥያቄ መሆኑን ቢያንስ ማንሳት ይቻላል።

የሚጨመረው ቃል ብዙ መሆን የለበትም። ሁለቱ ዓመት እንዳለ ይቀመጥ፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች በጽሑፍ ወደ ሽምግልና ከገቡበት ቀን ጀምሮ ሽምግልናው እስኪፈርስ ያለው ጊዜ፣ ደግሞም ፍርድ ቤቱ ሥራ ያቆመበት ጊዜ እንዳይቆጠር። በቂ ምክንያት ላለውም ዳኛው እንዲፈቅድለት፤ የቡሬው ባለመኪና እንዳይሳቀቅ ደግሞ በምንም ምክንያት የማይታለፍ ጣሪያ ይኑረው፣ ለምሳሌ አምስት ዓመት።

የቡሬው ባለመኪና፦

አምስት ዓመት ይበዛል፤ አራት ቢሆን እወዳለሁ። በጽሑፍ የሚለውን ግን በሁለት እጄ እቀበላለሁ። ታርቄም ወረቀቱ ላይ ቀን ባለመኖሩ እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ።

የሞጣዋ፦

ጣሪያው ለልጆች አይሁን። የሁለት ዓመት ልጅ አባቱ ሲሞት ምን ይቆጥራል? አንቀጽ 2143 ለአካለ መጠን ላልደረሰ የጻፈው የተለየ ቃል የለም፤ እናቱ ከዘገየች እሱም አብሮ ይዘገያል። ለእናቲቱ ጣሪያ ይደረግ፤ የልጁ ጊዜ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ይጀምር።

የሕግ መምህሩ፦

የተናገርሽው ትክክል ነው፤ እኔ አልፌው ነበር። መድን ሰጪዎችና ባለንብረቶች የሚቃወሙት ይህን ይሆናል፤ ለአሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ ማን ይይዛል ብለው። ሆኖም ልጁ የሚጠይቀው ቀለብ ስለሆነ፣ አድጎ እስኪከስ የሚጠበቀው ቀለቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው የሚልም ይኖራል። ስለዚህ ዕድሜውን ከመጠበቅ ይልቅ የእናቱ መዘግየት በልጁ እንዳይቆጠርና ሌላ ሞግዚት ወይም ዓቃቤ ሕግ በስሙ እንዲከስለት ማድረግ የሚሻል ይመስለኛል።

የሞጣዋ፦

ዓቃቤ ሕጉ የወፍጮ ቤቱን መዝገብ አይቶ ቢሆን ኖሮ ይህን አላልኩም ነበር። ይሁን እንጂ ሐሳቡን አልጠላሁትም።

የደጀኑ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ የካቲት 20 ነው። ከጥር 12 ወዲህ 38 ቀን ሄዷል፤ ስልሳው ቀን መጋቢት 12 ላይ ይሞላል፣ 22 ቀን ቀርቶናል ማለት ነው።

መምህሩ ስለ ጤፉ የጠየቁትን ለእህቴ አነሣሁላት። በዚያ ቀን ባለንብረቱ ለሽማግሌዎቹ «ይህን ከምትቆርጡብኝ ላይ ታስቡልኛላችሁ» እንዳለ እሷም፣ ጠላ ትቀዳ የነበረችው ጎረቤቷም ያስታውሳሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉንደ ወይን ነው ያለው፤ ቅዳሜ በገበያ አገኘዋለሁ።

ጠበቃ ከፍኖተ ሰላም፦

ቅዳሜን አትጠብቅ፣ ነገ ደውልለት። ቃሉን በጽሑፍ ሲሰጥህ ቀኑን በራሱ እጅ ይጻፍበት፤ «በአርባው» ብሎ እንዳይተወው፣ ሰኔ ስንት 2014 እንደነበር ይጻፍ። ዕዳ የማመኑን ነጥብ ግን በታችኛው ፍርድ ቤት አንስታችሁ እንደሆነ ግልባጩ ላይ አረጋግጥ፤ ካልተነሣ በይግባኝ አዲስ ነገር ነው ይሉሃል፤ ስለዚህ ቀዳሚው ክርክርህ አንቀጽ 2143 ንዑስ አንቀጽ 2 ይሁን። ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ከሌላት በደሃ ደንብ ለመክሰስ የምታመለክትበት ሥርዓት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ አለ፤ የቀበሌዋን ደብዳቤ ከአሁኑ አውጣላት። ግልባጩንና የአደጋውን ፕላን ላክልኝ፤ የይግባኝ ቅሬታውን ረቂቅ እኔ እጽፈዋለሁ።

የደጀኑ፦

ደወልኩለት። ሰኔ 5 ቀን 2014፣ እሑድ ነበር ብሏል። የእድሩ ደብተር ላይም ያው ቀን ተጽፎ አገኘሁት።